ሲጋራ ለማቆም ኒያ ብቻ ሳይሆን የሚስማማ መንገድም ያስፈልጋል

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



ሰፈራችን መስጂድ ውስጥ ሁሌም መጨረሻው ሶፍ ላይ የሚቆም አንድ ወንድም ነበር። ፊት ለፊት ቦታ ስላጣ አይደለም። ኢቃም ሲደረግ ይገባል፣ ኢማሙ ሲያሰላምቱ ማንም ሳያናግረው ይወጣል። ማስቲካና ከረሜላ ከኪሱ አይጠፋም። አንድ ቀን ከዒሻ በኋላ በር ላይ ተገናኝተን ለምን ወደፊት እንደማይጠጋ ስጠይቀው፣ «አጠገቤ የሚቆመውን ሰው ሽታው እንዳያውከው ብዬ ነው» አለኝ። ሲጋራውን ለማቆም ስንት ጊዜ እንደሞከረ ጠየቅኩት። ሳቀና «ወላሂ ብዬ የማልኩበትን ነው ወይስ ሳልምል የሞከርኩትን?» አለኝ።

ከዚያ የነገረኝ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በተመለሰበት ቁጥር የሚሰማው አንድ ዓይነት ቃል ነው፦ «ኢማንህ ደካማ ስለሆነ ነው።» መጀመሪያ ይናደድ ነበር። በኋላ ግን አመነበት። «አንዴ ካመንኩበት በኋላ መሞከሩንም ተውኩት» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ለወንድማችን ነሲሓ ያደረግን መስሎን ከተውበት በር የመለስነው ስንቱን ነው?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሲጋራን ሑክም ማቅለል አይደለም። ትንባሆ ወደ ሙስሊሙ ዓለም የደረሰው ዘግይቶ በመሆኑ የቀደሙት ዑለማዎች በብይኑ ላይ ተለያይተው ነበር። ጉዳቱ በሕክምና ከተረጋገጠ በኋላ ግን አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለማዎች ሐራም መሆኑን ተናግረዋል። በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል አላህ በሱረቱል በቀራህ ከልክሎናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል። ከእነዚህም ውስጥ ራሳቸው የማያጨሱ፣ የሌላውን ጭስ ብቻ የሚስቡ አሉበት። እዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ጥያቄው ሌላ ነው። ወንድማችን ሐራም መሆኑን ያውቃል፤ ማቆምም ይፈልጋል። ታዲያ በምን መንገድ ያቁም?

*ግመሏን ማሰር*

ግመሉን ሳያስር በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቀው ሰው መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡትን መልስ ሁላችንም እናውቃለን፦ መጀመሪያ ማሰር፣ ከዚያ መመካት። ሕክምና እንድንፈልግ ማዘዛቸውንና ለበሽታ ሁሉ መድኃኒቱ መውረዱን መናገራቸውንም እናውቃለን። የስኳር በሽታ ያለበትን ወንድም «ኢማንህ ቢጠነክር ኢንሱሊን አያስፈልግህም ነበር» የሚለው የለም። ሲጋራ ላይ ስንደርስ ግን ሰበብ ማድረስን እንረሳና ሁሉንም ነገር በቁርጠኝነት ላይ እንጥለዋለን።

ኒኮቲን ጭሱ በተሳበ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። እዚያ የደስታ ስሜት የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። ግን አይቆይም፤ በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ በደም ያለው መጠን በግማሽ ይቀንሳል። አንጎል ሌላ ይጠይቃል። ሰውየው ካልሰጠው ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ ይበታተናል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። ይህ ስሜት በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት አካባቢ ይበረታና በሳምንታት ውስጥ እየለዘበ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እነዚህ ቀናት ላይ ነው። የሚጠብቀውን አስቀድሞ የነገረው ስለሌለ «ለእኔ አልተጻፈልኝም» ብሎ ይመለሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ምንም እገዛ ከሚደረጉ ሙከራዎች የሚሳኩት 4 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ይናገራል። ከመቶ 4! የባለሙያ እገዛና የተረጋገጡ መድኃኒቶች ሲጨመሩ ደግሞ የመሳካት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። እንግዲህ አስቡት። ሳይታገዙ ሞክረው የተመለሱት 96ቱ ሁሉ ኢማናቸው ደካማ ስለሆነ ነው?

*ስልካችን ላይ ያለው መሣሪያ*

የዛሬው ጉዳዬ እዚህ ላይ ነው። በሌሎች አገሮች የጤና ተቋማት አጫሹ የሚስማማውን መንገድ እንዲመርጥ የሚያግዙ ነጻ የኢንተርኔት መሣሪያዎችን አዘጋጅተዋል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት (ኤን ኤች ኤስ) ጥቂት ጥያቄ ጠይቆ «የግል የማቆሚያ ዕቅድ» የሚያወጣ ገጽ አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት «ስሞክፍሪ ዶት ገቭ» በሚባለው ድረ ገጹ የማቆሚያ ዘዴዎችን እያነጻጸረ ያሳያል፤ ዕቅድም ያስወጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 «ፍሎረንስ» የተባለች፣ በ2024 ደግሞ «ሳራ» የተባለች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የምታወራ ረዳት አስተዋውቋል። ሳራ ስትተዋወቅ 8 ቋንቋ ትችል ነበር፤ ዐረብኛ ነበረበት፣ አማርኛ ግን አልነበረበትም። በዚያው በ2024 ድርጅቱ ትንባሆ ለማቆም የሚሰጥ ሕክምናን የተመለከተ የመጀመሪያውን መመሪያ ሲያወጣ የስልክ መልእክትን፣ መተግበሪያንና የኢንተርኔት ፕሮግራምን ከእገዛ መንገዶቹ መካከል አካቷል።

እነዚህ መሣሪያዎች ለእኛ ወጣቶች አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ነውርን ይሸፍናሉ። ሺሻ ወይም ሲጋራ የምታጨስ እህት ለእናቷ መናገር አትችልም፣ ለኡስታዟ መናገር አትችልም፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ የምታውቀው ሰው ቢያያትስ? ስልኳ ላይ ያለው ጥያቄ ግን አያፈጥባትም። አላህ የሸፈነውን ራስ ላይ ሳይገልጡ እርዳታ መፈለግ ተገቢ ነው።

ሆኖም መሣሪያው ተአምር የለውም። ዋናው ነገር የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። ከብዙዎቹ በስተጀርባ ያለው በስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ፋገርስትሮም ስም የሚጠራው መለኪያ ነው። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ እዚሁ በአማርኛ ላስቀምጥላችሁ። ወረቀት ያዙና በሐቅ መልሱ፤ የሚያይባችሁ አላህ ብቻ ነው።

1. ከእንቅልፍህ ከነቃህ በኋላ የመጀመሪያዋን ሲጋራ የምትለኩሰው መቼ ነው? በ5 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ 3 ነጥብ፣ ከ6 እስከ 30 ደቂቃ 2፣ ከ31 እስከ 60 ደቂቃ 1፣ ከ1 ሰዓት በኋላ ከሆነ 0።

2. ማጨስ በማይቻልበት ቦታ ራስህን መግታት ይከብድሃል? አዎ ከሆነ 1።

3. ለመተው የምትከብድህ የትኛዋ ሲጋራ ናት? የጠዋቷ የመጀመሪያዋ ከሆነች 1፣ ሌላ ከሆነች 0።

4. በቀን ስንት ፍሬ ታጨሳለህ? እስከ 10 ከሆነ 0፣ ከ11 እስከ 20 ከሆነ 1፣ ከ21 እስከ 30 ከሆነ 2፣ ከዚያ በላይ 3።

5. ከቀኑ ሌላ ክፍል ይልቅ ከነቃህ በኋላ ባሉት ሰዓታት ታበዛለህ? አዎ ከሆነ 1።

6. ታመህ አልጋ ላይ ብትውልም ታጨሳለህ? አዎ ከሆነ 1።

ድምሩ ከ10 ነው። እስከ 4 ከሆነ የኒኮቲን ጥገኝነትህ ዝቅተኛ ነው፤ 5 መካከለኛ ነው፤ 6ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው።

ለእኛ ሰው 4ኛዋ ጥያቄ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን በፓኬት አንገዛም፤ ከጀብሎ ወይም ከሱቅ በፍሬ ነው የምንወስደው። በፍሬ የሚገዛ ሰው ሁሌም «ጥቂት ነው የማጨሰው» ይላል። ስለዚህ ለ3 ቀናት በለኮስክ ቁጥር ስልክህ ላይ መዝግብ። ሰዓቱን፣ ቦታውንና አብሮህ የነበረውን ሰው ጻፍ። 3 ቀን ሲሞላ ጠላትህን ታውቀዋለህ።

*መልሱ ምን ይነግረናል?*

ነጥቡ ዝቅተኛ የሆነ ሰው ችግሩ ከኒኮቲኑ ይልቅ ልማዱና ጓደኛው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሰው ቀን ቆርጦ ማቆም፣ ቦታ መቀየርና የሚያማክረው ሰው መያዝ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ነጥቡ ከፍተኛ የሆነው፣ ሱብሒን ሳይሰግድ የሚለኩሰው ወንድም ግን ሌላ ነው። እሱን «ዝም ብለህ ተው» ማለት የተሰበረ እግር ያለውን ሰው «ሩጥ» እንደማለት ነው። ለእሱ የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ አለ። ፕላስተሩ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ኒኮቲኑን ቀስ እያለ ይሰጣል፤ ጭሱ፣ ታሩና ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን የለም። ጥናቶች ፕላስተሩን ከማስቲካው ጋር ማጣመር አንዱን ብቻ ከመጠቀም የተሻለ መሆኑን አሳይተዋል። ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም፤ ጥቂት ታኝኮ ጉንጭ ውስጥ ይቀመጣል፣ እንደገና ይታኘካል። ዝም ብሎ የሚያኝከው ሰው ሆዱን ይረብሸውና «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል። ከኒኮቲን ውጪ ደግሞ ቫሬኒክሊን፣ ሳይቲሲንና ቡፕሮፒዮን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። እነዚህ በሐኪም ትእዛዝ ናቸው፤ ለምሳሌ ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም።

«ቀስ በቀስ ልቀንስ ወይስ አንዴ ልቁረጥ?» የሚለው ሁሌም ይነሳል። ኸምር በደረጃ መከልከሉን እየጠቀሰ ዓመት ሙሉ «እየቀነስኩ ነው» የሚል ወንድም አለን። በ2016 እንግሊዝ አገር ውስጥ የተካሄደ ጥናት ሁለቱን መንገዶች አወዳድሮ ነበር። ሁለቱም ወገን ቀን ተቆርጦላቸው፣ ምክርና የኒኮቲን እገዛ ተሰጥቷቸው ነው። ከ6 ወር በኋላ ሳያጨሱ የተገኙት በአንዴ ካቆሙት ውስጥ 22 በመቶ፣ ቀስ በቀስ ከቀነሱት ውስጥ 15.5 በመቶ ነበሩ። በአንዴ መቁረጥ ይሻላል ማለት ነው። ግን ይህንንም አስተውሉ፦ ቀስ በቀስ የቀነሱት 15.5 በመቶ እንኳን ብቻውን ከሚሞክረው ሰው 4 በመቶ እጅግ ይበልጣል። በአንዴ መቁረጥ ፈጽሞ የማይችል ሰው ይቀንስ፤ ነገር ግን የመጨረሻው ቀን በወረቀት ላይ ይጻፍ። የማለቂያ ቀን የሌለው መቀነስ ፈቃድ እንጂ ማቆም አይደለም።

*መሣሪያው የማያውቀን ቦታ*

እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት ለሎንዶንና ለዋሽንግተን ሰው ነው። እኛን የማያውቁበት ቦታ ብዙ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቡናና ስለ መጠጥ ይጠይቁሃል፤ ስለ ጫት ግን አይጠይቁህም። በእኛ ከተሞች ደግሞ ስንቱ ወጣት ነው ሲጋራን የጀመረው በርጫ ላይ? ሳምንቱን ሙሉ 2 ወይም 3 ፍሬ የሚያጨስ ልጅ ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ሲቅም ፓኬት ይጨርሳል። ምርቃናው ሲመጣ «አንዷን ብቻ» ይላል። ይህ ልጅ ሲጋራውን ትቶ ጫቱን ይዞ ቢቀጥል በራሱ ላይ ወጥመድ ዘርግቶ መራመድ ነው። የማቆሚያ ቀኑን ሲቆርጥ ከበርጫው የሚለይበትን ቀንም አብሮ መቁረጥ አለበት። ሺሻም እንደዚሁ ነው። በውሃ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ንጹሕ የሚመስለን አለን፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን በ1 ሰዓት ሺሻ የሚሳበው ጭስ ከአንድ ሲጋራ ጭስ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የእንግሊዙ መሣሪያ ቬፕን እንደ አንድ አማራጭ ያቀርባል። በእኛ አገር ግን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም ሺሻንም ከልክሏል። ስለዚህ «ኤን ኤች ኤስ ፈቅዶልኛል» ብሎ በድብቅ የሚሸጥ፣ ውስጡ ያለው የማይታወቅ ቬፕ መግዛት ሕግም ይጥሳል፣ ሱስም ይቀይራል እንጂ አያቆምም።

ሦስተኛ፣ መሣሪያው «ፋርማሲ ሄደህ ግዛ» ይልሃል። ፕላስተሩ ሰፈርህ ፋርማሲ ላይገኝ ይችላል፣ ቢገኝም ኪስህን ሊከብደው ይችላል። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር ከ2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። መሠረታዊ ተብሎ የተመዘገበ ነገር ሲጠፋ መጠየቅ መብታችን ነው። በውጭ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ብዙዎቻችሁ ይህ እገዛ በነጻ ወይም በኢንሹራንስ በሚገኝበት አገር ነው ያላችሁት፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አራተኛ፣ ረመዳንን አያውቁም። ይህ ለየብቻ መነገር አለበት።

*ከፈጅር እስከ መግሪብ የቻለ ሰው*

አጫሽ ጾመኛ በየቀኑ 13 ሰዓት ገደማ ሳያጨስ ይውላል። ሐኪም እንዲያደርገው ቢለምነው የማያደርገውን ለአላህ ብሎ ያደርገዋል። ከዚያ በተምር አፍጥሮ፣ መግሪብን ሳይሰግድ በፊት በር ላይ ይለኩሳል። ሱብሐነላህ! በጣም የከበደውን ክፍል ካለፈ በኋላ ቀላሉ ላይ ይሸነፋል።

ስለዚህ የማቆሚያ ቀን ከረመዳን በፊት ባለው ሳምንት ወይም በረመዳን መጀመሪያ ቢደረግ ትልቅ እገዛ ነው። ቀኑ በራሱ የተዘጋ ነው፤ የቀረው ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ያለው ጊዜ ነው። ያንን በተራዊሕና በቤተሰብ መሙላት ይቻላል። የሲጋራ አምሮት አንዴ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ውዱእ አድርጎ ሁለት ረከዓ እስኪሰገድ ድረስ ያልፋል ወይም ይቀላል።

«ፕላስተሩ ጾም አያበላሽም?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። መቀመጫውን ጅዳ ያደረገው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 ባወጣው ውሳኔ በቆዳ በኩል የሚሰርጹ ቅባቶችና ቆዳ ላይ የሚለጠፉ የሕክምና ፕላስተሮች ጾም ከማያበላሹት መካከል ናቸው ብሏል። የኒኮቲን ማስቲካ ግን ታኝኮ የሚዋጥ ነገር ስላለው በጾም ሰዓት አይወሰድም፤ ከኢፍጣር በኋላ ነው። ዝርዝሩን የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ።

*«ኃጢአትን በሽታ እያደረጋችሁት ነው»*

ይህን የሚል ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ሁሉን ነገር «ሱስ ነው፣ ምን ላድርግ» ብሎ ከተጠያቂነት ማምለጥ አለ። ግን መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ከተጠያቂነት እየሸሸ ነው ወይስ ተጠያቂነቱን እየተወጣ? የሚሸሸውማ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ አያነብም።

በቡኻሪ የተዘገበውን አስታውሱ። በመልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመጠጥ ምክንያት በተደጋጋሚ ተይዞ የሚቀርብ አንድ ሰው ነበር። ከሰዎቹ አንዱ ሲረግመው መልእክተኛው ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ቅጣቱ አልተሰረዘም፤ ሐራሙም ሐላል አልሆነም። ግን ሰውየው ከጀመዓው አልተባረረም፣ ውዴታውም አልተካደም። እኛ ዛሬ ሲጋራ ለሚያጨሰው ወንድማችን ይህን ያህል እንኳን እናደርግለታለን?

«አባቴ በአንድ ቀን ነው የጣለው» የሚልም አለ። ማሻ አላህ! እንዲህ ዓይነት ሰዎች አሉ፤ አላህ ለሁላችንም ያግራልን። ግን አባትህ የቻለውን ሁሉም ይቻል ማለት፣ አንተ ቆመህ መስገድ ስለቻልክ ተቀምጦ የሚሰግደውን መንቀፍ ነው።

*ከስልኩም ተጠንቀቁ*

ኢንተርኔት ላይ «በ3 ቀን ሲጋራ የሚያስጠላ» እያሉ ቅጠልና ሻይ የሚሸጡ ሞልተዋል። መለያው ቀላል ነው። ስለ አንተ ምንም ሳይጠይቅ አንድ መልስ ብቻ የሚሰጥህ፣ መልሱም እሱ የሚሸጠው ዕቃ ከሆነ፣ የሚመርጥልህ ሳይሆን የሚነግድብህ ነው። ስምህንና ስልክ ቁጥርህን አስቀድሞ የሚጠይቅህንም ተጠራጠር። ሌላው ወጥመድ ደግሞ ከመተግበሪያ ወደ መተግበሪያ እየዘለሉ «መንገድ እየመረጥኩ ነው» እያሉ ማጨስ ነው። ለመምረጥ አንድ ምሽት ይበቃል።

*የጀመዓው ድርሻ*

መስጂዶቻችን ውስጥ ዶክተሮች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ይሰግዳሉ። የወጣት ጀመዓዎቻችን ውስጥ መተግበሪያ የሚሠሩ ልጆች አሉ። እነዚህ ሁለቱ ተገናኝተው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የሚጠይቅ አንድ ቀላል ገጽ ወይም የቴሌግራም ቦት መሥራት ያቅታቸዋል? ስለ ጫት የሚጠይቅ፣ በፍሬ መግዛትን የሚያውቅ፣ ረመዳንን በቀን መቁጠሪያው ውስጥ ያስገባ! ለሰው አንድ ሲጋራ ማስጣል ቀጣይነት ያለው ሰደቃ ይሆን ዘንድ ተስፋ የሚጣልበት ሥራ ነው።

ያ እስኪሆን ድረስ ማንኛችንም ልናደርገው የምንችለው አለ። ለሚያቆመው ወንድማችን አንድ ሰው እንሁንለት። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ማታ ማታ እንደውልለት። «አጨስክ ወይ?» ብለን አንመርምረው፤ «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» እንበለው። ምስጢሩን ለሌላ አንንገር። ወድቆ ቢነሳ ደግሞ የቀደመውን አንቁጠርበት። ከሱስ የሚያላቅቁ ባለሙያዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ አንዲት ሲጋራ መሳሳት ወደ ሱስ መመለስ አይደለም፤ ምን እንዳሳሳተህ አይተህ ትቀጥላለህ። በእኛ ዲን ደግሞ ይህ አዲስ አይደለም። የተውበት በር አንዴ ተገብቶ የሚዘጋ አይደለም።

ለአንተ፣ መጨረሻው ሶፍ ላይ ለምትቆመው ወንድሜ። ሽታ ይዞ መስጂድ መግባት ሌላውን ያውካልና መጠንቀቅህ አደብ ነው። ግን የሚርቀው ሽታው እንጂ አንተ አይደለህም። ዛሬ ማታ እነዚያን 6 ጥያቄዎች መልስ። ነጥብህን እይ። ቀን ቁረጥ። ነጥብህ ከፍተኛ ከሆነ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክር። ለአንድ ለምታምነው ሰው ንገር። ከዚያ እጅህን ወደ አላህ አንሳ። እስካሁን የወደቅከው አላህን ስለማትወድ ነው ብሎ የነገረህን ሰው አትመነው።

አላህ በዚህ ፈተና ውስጥ ላሉ ወንድሞችና እህቶቻችን ሁሉ ያቅልልላቸው። ከዚህ የዳኑትንም ያጽናልን። ለጻፍነው ስህተት ይቅር ይበለን። ኣሚን!

ይህን ጽሑፍ ለሚጠቅመው ሰው በውስጥ መስመር ላኩለት፤ ስሙን ጠርታችሁ አስተያየት መስጫው ላይ እንዳታጋልጡት አደራ።

ወላሁ አዕለም።